የእትዬ ደብሬ የገብስ ክምር

ገብስ ሲቆላ የሚወጣውን ሽታ የማይወድ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም፤ ከራሴ በቀር። ባለፈው ሰሞን ለዘመድ ለቅሶ ወደ አገር ቤት ስሄድ፣ ደባርቅ መናኸሪያ ላይ ከሚኒባስ እንደወረድኩ ያ ሽታ ተቀበለኝ። አንዲት ቆሎ ሻጭ ወሬ ይዛ ገብሷን እሳት ላይ ረስታዋለች። አብረውኝ የወረዱት ሰዎች አፍንጫቸውን እያነሱ ወደ እሷ ዞሩ። እኔ በነጠላዬ አፍንጫዬን ሸፍኜ ቆምኩ። መጀመሪያ ወደ አእምሮዬ የመጣውም "ማን ነው ያሳረረው?" የሚል ነበር።

እንዲህ ነኝ። አንድ ነገር ሲያር ሌላው ሰው ውሃ ለማምጣት ይሮጣል፤ እኔ ቆሜ የሰዉን እግር አያለሁ። ይህን አመል የያዝኩት አምስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ በአንድ የአጨዳ ወቅት ነው። የያዝኩትም ከአባቴ ነው።

መንደራችን ከዳባት ወደ ደባርቅ ሲኬድ ከአስፋልቱ በስተቀኝ ገባ ብላ ናት። አባቴ፣ ስሙ እንግዳው፣ ገበሬ ነበር፤ ንብም ያረባ ነበር። መንደርተኛው አያ እንግዳው እያለ የሚያከብረው ግን በገብሱም በማሩም አልነበረም፤ በአውጫጭኝ ዳኝነቱ ነበር። በእኛ አገር በሬ ተሰርቆ፣ አጥር ተቃጥሎ አድራጊው ካልታወቀ፣ አገሩ በሙሉ ይጠራና ከኮሶው ዛፍ በታች ካለው ተዳፋት ላይ ይቀመጣል። ሰው ሁሉ ተራ በተራ እየቆመ ያየውን የሰማውን በመሐላ ይናገራል። በአደባባይ መናገር የፈራ ደግሞ "ወፍ" ተብለው ለተመረጡ ሦስት ሰዎች ሹክ ይላል። ወፎቹ የሰሙትን ለዳኛው ይነግሩታል፤ ማን እንደነገራቸው ግን አይናገሩም፣ ዳኛውም አይጠይቅም። ነገሩ እስኪወጣ ሁለት ቀንም ይፍጅ ሦስት ቀን፣ ወደ እርሻው የሚሄድ የለም።

በጣም ትንሽ ሳለሁ ይህ ሁሉ በእውነተኛ ወፍ የሚሠራ ይመስለኝ ነበር። ኮሶው ላይ አንዲት ቁራ አትጠፋም ነበርና፣ በእሷ ስር ሳልፍ ስኳር ስለ መስረቄ ምንም ነገር ላለማሰብ እጠነቀቅ ነበር።

አባቴ በመራው አውጫጭኝ ጥፋተኛው ሳይገኝ ሰው ወደ ቤቱ ገብቶ አያውቅም። ይህን ራሱም ይናገረው ነበር፤ ሳይጠየቅም ይናገረው ነበር። ምስጢሩን የነገረው ለእኔ ብቻ ነው። "ፊቱን አትይ ብርቄ፤ ፊት መዋሸት ይማራል። እግሩን እዪ" አለኝ። ጥፋተኛ ሰው የቀኝ እግሩ አውራ ጣት መሬት ይጭራል አለኝ፤ ራሱ አያውቀውም። ከዚያ ቀን ወዲያ እኔ ሰው አላየሁም፤ ያየሁት እግር ነው። በደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ የጠረጠርኳቸውን ሰዎች ስም እጽፍ ጀመር። ምን እንደጠረጠርኳቸው አልጽፍም፤ እሱ በኋላ ይገኛል ብዬ ነው።

ከዝርዝሩ አናት ላይ የነበረው መምህር ያሬድ ነው። ከወሎ በኩል የመጣ ወጣት አስተማሪ ነበር፤ አማርኛ ያስተምረናል። ሲጋራ ያጨስ ነበር። በመንደራችን ሌላ የሚያጨስ ሰው ስላልነበረ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ተደብቆ ነው የሚያጨሰው፤ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ደግሞ የእትዬ ደብሬ አውድማ ነው። መደበቁን ጠረጠርኩት። ሰው ካላጠፋ ለምን ይደበቃል?

ትምህርቱን ግን እወድለት ነበር። በዚያ በኅዳር ወር አንድ ቀን መጽሐፉን ዘግቶ ስለ ግሪኮች ነገረን። ግሪኮች የሚኖሩት ወደ ሰሜን ነው ብሎ በእጁ ወደ ደባርቅ በኩል ስላመለከተ፣ እኔ ከሊማሊሞ ቁልቁለት ማዶ ያሉ ሰዎች መስለውኝ ነበር። ድሮ እነዚህ ሰዎች በኮረብታ ጥግ ተሰብስበው ተቀምጠው ቴአትር ያያሉ። ትራጀዲ ይሉታል። ስለ ሌባ ወይም ስለ ተራ ሰው አይደለም፤ አንድ የተከበረ ሰው እውነትን ሲፈልግ ነው የሚያዩት። ኩራቱ እውነቱን ፈልግ ፈልግ ይለዋል፤ ያው ኩራቱ ደግሞ አጠገቡ ያለውን እንዳያይ ይጋርደዋል። የተቀመጠው ሕዝብ መጨረሻውን አስቀድሞ ያውቀዋል አለን፤ የማያውቀው ሰውየው ብቻ ነው።

እጄን አወጣሁ። "ቲቸር፣ ካወቁ ለምን አይነግሩትም?"

ጠመኔውን በጣቶቹ አሽከረከረ። "ቢነግሩት የሚሰማ ይመስልሻል?" አለኝ።

መልስ አልመሰለኝም። ጥያቄን በጥያቄ የሚመልስ ሰው ይጠረጠራል፤ ይህንንም ያስተማረኝ አባቴ ነው። ከስሙ ጎን አንድ ጭረት ጨመርኩበት።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ያን ጊዜ ለማንም ያልተናገርኩት ነው፤ እዚህ ቦታው ላይ ባስቀምጠው እናንተም እንደነዚያ ግሪኮች አውቃችሁት ትቀመጣላችሁ። ሰኞ አመሻሽ ላይ አባቴ ማር ሊቆርጥ ይዞኝ ሄደ። አንደኛው ቀፎ የተሰቀለው ከእትዬ ደብሬ አውድማ ዳር ባለችው ወይራ ላይ ነበር። ደረቅ ኩበት ጫፉን ለኩሰን እሱን እያጨስን ንቦቹን አራቅናቸው። ሲጨርስ ኩበቱን ድንጋይ ላይ ፈትጎ አጠፋውና የተረፈውን አውድማውን በከበበው የድንጋይ ካብ ውስጥ ሸጎጠው። ጥሩ ኩበት አይጣልም፣ ነገ ለታችኛው ቀፎ ይሆነናል አለ። ከዚያ ማር ከነሰፈፉ ቆርሶ አጎረሰኝ። ከካቡ ማዶ፣ በትምህርት ቤቱ በኩል፣ መምህር ያሬድ ጀርባውን ሰጥቶን ያጨስ ነበር። እሱን አየሁት፤ በአእምሮዬም ያዝኩት።

ቤት ስንገባ እናቴ ማጨሻውን የት እንዳደረገው ጠየቀችው። አጥፍቶ ካብ ውስጥ እንደተወው ነገራት። እናቴ ማሩን ከመቅመሷ በፊት ወደ በሩ ሄዳ ንፋሱን ሰማች።

ማግስቱን ማክሰኞ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ነው ጭሱን ያየነው። መምህር ያሬድ በመስኮቱ ዘሎ ወጣ፤ ከሰዉ ሁሉ ቀድሞ የደረሰው እሱ ነው። ይህም ጭረት ሆነበት። የእትዬ ደብሬ ክምር ከሥሩ ተያይዞ ነበር። ንፋሱ ከሊማሊሞ በኩል ይነፍስ ነበርና የመጣው ሰው ሁሉ ውሃ ይዞ ቆመ እንጂ መቅረብ አልቻለም።

እና ሽታው። ገብሱ በክምሩ ውስጥ እንዳለ እየተቆላ፣ መንደሩ በሙሉ ቆሎ ቆሎ ሸተተ። ቁርስ ሳልበላ ነበር የወጣሁትና አፌ ምራቅ ሞላ፤ ዋጥኩት። ያን ጊዜ ቀና ስል እትዬ ደብሬን አየኋት። ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ያ ክምር የዓመት ቀለቧም ዘሯም ነበር። መሬት ላይ ተቀምጣ ካረረው ገብስ አንድ አንድ ፍሬ እያነሳች ታኝክ ነበር። አላለቀሰችም። ምራቄን በመዋጤ ያፈርኩት ኀፍረት እስካሁን አልለቀቀኝም፤ ሽታውንም ጠልቼ የቀረሁት ለዚህ ነው።

አባቴ ጋቢውን አጣፍቶ አመዱ ላይ ቆመ። እሱ እንደዚያ ሲቆም ሰው ሁሉ ዝም ይላል። በማግስቱ አውጫጭኝ እንዲጠራ ካስታወቀ በኋላ ፍርዱን አስቀድሞ ተናገረ። ይህን ያደረገ ሰው፣ አውቆም ይሁን ሳያውቅ፣ እስከ መጪው አጨዳ ከዚህ አገር እሳት አይጫርለት፤ ሰላም አይባል፤ ማኅበር አይቀመጥ አለ። በእኛ መንደር ጠዋት ጠዋት የጎረቤት እሳት በገል ይጫራል። ክብሪት በየሱቁ ሞልቷል፤ ጉዳዩ የክብሪት አልነበረም። እሳት የሚከለከል ቤት ሰው የሌለበት ቤት ነው።

የበቅሎ ነጂው አያ ታከለ ከሕዝቡ መሐል ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ሳያውቅ የምትለውን ብትተዋት" አለው።

"ሳያውቅ ያቃጠለውም ገብስ ያው አመድ ነው" አለ አባቴ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። እኔ በአነጋገሩ ማማር ነው የተያዩት ብዬ ኮራሁ።

ረቡዕ ሁሉም ከኮሶው በታች ተዳፋቱ ላይ ተቀመጠ፤ ትምህርትም ተዘጋ። እናቴ አሞኛል ብላ ቀረች። ሰው እየተነሳ አላየሁም፣ አልሰማሁም እያለ ይምል ነበር። ሌላው ደግሞ ወደ ወፎቹ ጠጋ እያለ ሹክ ይላል። አያ ታከለ ከወፎቹ አንዱ ነበር። አንድ ነገር አስተዋልኩ፤ ሹክ ብሎ የሚመለስ ሰው ሁሉ በመንገዱ ላይ አባቴን ቀና ብሎ ያየውና ወዲያው አቀርቅሮ ያልፋል። እግሮቹን ብቆጥርም አንድም አውራ ጣት አልጫረም። አባቴን ፈርተውት ነው ብዬ ደመደምኩ።

እኔም ተራዬን አልጠበቅሁም፤ ለልጅ ተራ የለውምና። ወደ አያ ታከለ ሄጄ በጆሮው የመምህር ያሬድን ስም ተናገርኩ። ሰኞ አመሻሽ ካቡ አጠገብ ሲጋራ ሲያጨስ በዓይኔ አይቻለሁ አልኩት። አያ ታከለ ለረጅም ጊዜ አየኝ።

"ሌላስ?" አለኝ።

"ሌላ የለም" አልኩት።

ዋሽቼ አልነበረም። አንባቢ ይህን ቢጠራጠረኝ አልፈርድበትም፤ እኔም ብሆን እጠረጥር ነበር። ግን እውነቱ ይህ ነው፤ ኩበቱን አላስታወስኩትም። አባቴ ያደረገው ነገር ለእኔ የታየ ነገር አልነበረም። ፀሐይ ወጣች ብሎ ለዳኛ የሚመሰክር ማን አለ?

ማታውኑ ወፎቹ ተጠየቁ። ሁለቱ ወፍ አልነገረችንም አሉ። አያ ታከለ እግሩን እያፍተለተለ ወፍ ስለ አስተማሪው ሲጋራ ነግራኛለች አለ። አባቴ ያን ምሽት ሲበላ እንኳ ፈገግ ይል ነበር። የመምህር ያሬድ አከራይ ደግሞ የፍርዱን ቀን እንኳ ሳይጠብቅ ፍራሹን አውጥቶ ደጅ ላይ ጣለው።

ሐሙስ ጠዋት መምህር ያሬድ መሐል ላይ እንዲቆም ተደረገ። ማጨሱን አልካደም። በትምህርት ቤቱ በኩል ቆሜ ነው ያጨስኩት፣ በጫማዬም ረግጬ አጥፍቻለሁ አለ። አባቴ ፊቱን አላየም፤ ዝቅ ብሎ እግሩን ሊያይ ፈለገ። ግን መምህሩ የተጫማው ቆዳ ጫማ ነበር። እንዲህ ያለ ችግር በመንደራችን ገጥሞት አያውቅም። ትንሽ ግራ ተጋባና "ጫማህን አውልቅ" አለው።

መምህር ያሬድ ጎንበስ ብሎ አወለቀ። የግራ ካልሲው ተረከዙ ላይ ተቀዶ ነበር። ካልሲውንም አወለቀና በባዶ እግሩ በዚያ ውርጭ ላይ ቆመ። የክፍሌ ልጆች ሳቁ። እኔ ደብተሬን በነጠላዬ ስር ደበቅሁት። እግሩ ነጣ ያለ፣ በብርድ የሚንቀጠቀጥ እግር ነበር። አውራ ጣቱ አልተንቀሳቀሰም።

"የወፏን ስም አልጠይቅም፤ ያገሩ ወግ አይፈቅድም" አለ መምህሩ። "ያየኝ ሰው ግን የት ሆኖ እንዳየኝ ይጠየቅልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

አባቴ ወግ ነው፣ አይጠየቅም ብሎ ሊያልፈው ሲል ተነስቼ ቆምኩ። ምን እንዳስነሳኝ አላውቅም። ግማሹ ያ ባዶ እግር ነው፤ ግማሹ ደግሞ ኩራት ነው፣ አልክድም። አገር ሙሉ ያላየውን እኔ አይቻለሁ።

"ያየሁት እኔ ነኝ" አልኩ።

አባቴ ፊቱ በራ። ልጁ ናት ያየችው። ሰው ሁሉ ይስማ ብሎ ይመስለኛል፣ ጮክ ብሎ ይጠይቀኝ ጀመር።

"የት ሆነሽ አየሽው?"

"ከእትዬ ደብሬ ካብ አጠገብ።"

"መቼ?"

"ሰኞ አመሻሽ።"

"በዚያ ሰዓት እዚያ ምን ልትሠሪ ሄድሽ?"

"ማር ልንቆርጥ ነዋ" አልኩት። እሱ እያወቀ መጠየቁ ገርሞኝ ነበር።

ቀጣዩን ጥያቄ ሊጠይቅ አፉን ከፈተና ቆመ። ማቆም ይችል ነበር። እዚያ ላይ ቢተወው ማንም አይጠይቀውም ነበር፤ ጥፋቱን በሲጋራው ላይ ደምድሞ ሰዉን ማሰናበት ይችል ነበር። እኔ ስለ አባቴ ብዙ ነገር እጠራጠራለሁ፤ ይህን አንዱን ግን አልጠራጠርም። እያወቀ ነው የጠየቀው።

"ማጨሻውን የት አደረግሁት?" አለኝ። ድምፁ ወርዶ ነበር።

"ካቡ ውስጥ ሸጎጥከው። በክምሩ በኩል። ለነገ ይሆነናል አልክ።"

ያን ጊዜ ነው ለራሴም የገባኝ። ፊቱን ማየት ፈራሁና እንደ ልማዴ ወደ ታች አየሁ። የአባቴ የቀኝ እግር አውራ ጣት መሬቱን ይጭር ነበር።

ወደ ሰዉ ዞርኩ። የተደነቀ ሰው አልነበረም። ያ ሁሉ ሕዝብ ተዳፋቱ ላይ ተደርድሮ፣ እጁን ጋቢው ውስጥ ከትቶ፣ ዝም ብሎ ያየው ነበር። ሁሉም ያውቁ ነበር። እንጨት ስትለቅም ያየች አለች፣ ከብት ሲነዳ ያየ አለ፣ ጭሱን ጠዋት ያየ አለ። ሁለት ቀን ሙሉ አውቀው ተቀምጠው ነበር። ያ ዝምታ ከእሳቱ ይልቅ አስፈራኝ።

አባቴ ወደ ወፎቹ ዞረ። "ወፍ ነግራችሁ ነበር?"

"ከመጀመሪያው ሰው ጀምሮ" አለ አያ ታከለ።

"ለምን ታዲያ አልነገራችሁኝም?"

"ብንነግርህ ትሰማን ነበር እንግዳው?"

መሬት ላይ ተቀምጦ ካልሲውን ያጠልቅ የነበረው መምህር ያሬድ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ቀድሜ ዓይኔን ሰበርኩ።

አባቴ ጋቢውን አስተካክሎ፣ የሌላ ሰው ፍርድ እንደሚያነብ ሁሉ፣ በራሱ ላይ ፈረደ። እሳት አይጫርልኝ፣ ሰላም አልባል፣ ማኅበር አልቀመጥ አለ። ቄሱ ተነስተው ሳታውቅ ያደረግኸው ነው፣ ተው ብለው ለመኑት። ሽማግሎቹም ለመኑት። ሳያውቅ የሚለውን ያስገባሁት ራሴ ነኝ፣ ቃሌ ቃል ነው ብሎ ጥሏቸው ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ቀዘቀዘ። አባቴ ከገብሳችን እኩሌታውን አስጭኖ ለእትዬ ደብሬ ላከ፤ እሷም ተቀበለች። ሰው ሊያየው ሲመጣ ግን በር ይዘጋል። ሰላም ያለውን ሰው ፍርዱን ጣስክ ብሎ ይገላምጠዋል። እናቴ ብቻዋን በክብሪት እሳት እያያያዘች ትታገል ነበር፤ ጎረቤት ጋ እንዳትሄድ ከልክሏታል። አንድ ቀን ክብሪቱ እጇ ላይ ሲሰበር ወርውራ ጣለችው። "ያኔ በዳኝነቱ ኮራብን፤ አሁን ደግሞ በቅጣቱ ሊኮራብን ነው" አለች። አባቴ ሰምቷል። እኔ ደግሞ ከትምህርት ቤት ቀርቼ ነበር። የመምህር ያሬድን ዓይን ማየት አልቻልኩም።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ በአንድ ጠዋት፣ ውርጩ ገና ሳይነሳ፣ እትዬ ደብሬ በገል ፍም ይዛ ደጃችን ቆመች። አባቴ በሩ ላይ ወጣ።

"እትዬ ደብሬ፣ ይመለሱ" አላት። "ቃሌን አልበላም።"

አልተመለሰችም። ገሉን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። አባቴም ቆመ። ፍሙ መጀመሪያ ቀይ ነበር፤ እየቆየ ዳር ዳሩ አመድ ለበሰ። እኔና እናቴ ከውስጥ ሆነን አንተነፍስም ነበር። መሐሉ ላይ ትንሽ ቀይ ብቻ ሲቀር እትዬ ደብሬ ተናገረች። "ገብሴን ሳታውቅ ነው ያቃጠልክብኝ። ይቺን ግን እያወቅህ ልታጠፋብኝ ነው?" አለችው።

አባቴ ፍሙን አየ። ከዚያ ያ ሰው፣ ለማንም አንገቱን ዝቅ ያላደረገው ሰው፣ እፊቷ ተንበረከከና ገሉ ላይ እፍ አለበት። እፍ አለበት፣ እፍ አለበት፣ አመዱ ጢሙ ላይ እየተበተነ፣ ፍሙ እስኪቀላ ድረስ። እናቴ ከኋላዬ አለቀሰች።

ፍሙ ቤት ገብቶ ከተያያዘ በኋላ አባቴ ሌላ ገል ፈልጎ ሁለት ፍም አደረገበትና አስያዘኝ። ለመምህሩ አድርሺ አለኝ። ምን ልበለው አልኩት። "የእኔን አትንገሪው። የራስሽን ንገሪው" አለ።

መንገዱን ሙሉ እንዳይጠፋብኝ እፍ እያልኩበት ሄድኩ። ሰው ሁሉ ያየኝ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የማንንም እግር አላየሁም። መምህር ያሬድ አዲስ በተከራየው ክፍል ደጅ ላይ ፊቱን ይታጠብ ነበር። የእሱ ምድጃ የላምባ ነው፤ ፍም ምን እንደሚያደርግለት አላሰብኩም ነበር። ገሉን ዘረጋሁለት።

"ቲቸር፣ ካቡንም አይቼው ነበር" አልኩት። "የአባቴ ስለሆነ ነው ያላየሁት።"

ፊቱን ጠረገ። ከዚያ ከኪሱ ሲጋራ አወጣ፣ ጎንበስ አለ፣ ከያዝኩት ፍም ላይ ለኮሰና ጭሱን በራሴ ላይ አሳልፎ ለቀቀው። በአደባባይ ሲያጨስ ሳየው ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። "ነገ እንዳትቀሪ" አለኝና ገባ።

አልቀረሁም። እስከ ዛሬ ግን እጠራጠራለሁ፤ ይቅር ብሎኝ ነው፣ ወይስ ክብሪት አልቆበት? እግሩን አይቼ እንዳልለይ ደግሞ ያን ቀን ጫማውን አድርጎ ነበር።